የፎቶው ጥግ

"ዛሬም መጣች" አለች አክስቷ ቴርሞሱን ለማስቀመጥ ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታላውስ። "በሩ አጠገብ ናት። አትዙሪ። አትዙሪ አልኩሽ!"

አትዙሪ የተባለ ሰው መቼም ይዞራል፤ ድንቡሼም ዞረች።

ባለ ግራጫ ሻርፗ ሴት እንደ ትናንቱና እንደ ትናንት ወዲያው በሩ አጠገብ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ቦርሳው ላይ ጭና፣ የሟቹን ፎቶ ታያለች። ስትገባ "እግዜር ያጽናችሁ" ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣትም። ቡና ሲሰጧት ትቀበላለች፣ ሲቀዘቅዝ መልሳ ታስቀምጠዋለች። አታለቅስም። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ወሬ ሊጀምራት ሲል በትሕትና ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ፎቶው ትመለሳለች። ይኸው ሦስተኛ ቀኗ ነው።

"የአባዬ ቢሮ ሰው ትሆናለች" አለች ድንቡሼ።

"የቢሮውን ሰዎች ጠየቅኳቸው። አንድም የሚያውቃት የለም።" አክስቷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ የሰፈሩን ግማሽ በእጇ ስለተቀበለች የሰውን ፊት ከዘሩ ጋር ማዛመድ መብቷ ይመስላታል። "አፍንጫዋን እይው። የወንድሜ አፍንጫ ነው።"

"አክስቴ!"

"እኔ ምን አልኩ? አፍንጫ ነው ያልኩት።"

ድንቡሼ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ስትወለድ ውፍረቷ ሐኪሞቹን አስቆ ነበር ይባላል። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ቆማ ስትውል ጉንጯ ከገባ ቆይቷል፣ ስሙ ግን አለቀቃትም። የሚጠራት ሰው ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው። ሌላው ሰው በዚህ ስም ሲጠራት ልቧ ይደነግጣል፣ የሰው ዕቃ የነኩ ይመስላታል።

ፎቶውን የመረጠችው እሷ ነበረች። በሌሎቹ ፎቶዎች ሁሉ አባቷ መታወቂያ ሊያወጣ የተሰለፈ ሰው ይመስላል። በዚህኛው ግን ይስቃል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል፣ ግን ምንም አልረዳውም፣ እስከ ወገቡ ርሷል፤ ከኋላው ሐይቁ ይታያል። ፎቶው ጥግ ላይ የዚያን ጊዜ ካሜራዎች ያትሙት የነበረ ብርቱካንማ ቁጥር አለ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ፎቶ ቤቱ ሲያጎላው "ቁጥሩን ላጥፋው እንዴ?" ብሎ ጠይቋት ነበር። "ተወው፣ ደስ ይላል" አለችው።

እናቷ የተጎላውን ፎቶ ስታይ ከልቅሶዋ መሀል ቀና ብላ "ሌላ ፎቶ አጣሽ?" አለቻት። ከዚያ የአበባ ማስቀመጫውን አንስታ ጥጉ ላይ አስጠጋችው። ድንቡሼ ያኔ ነገሬ አላለችውም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዕቃ ያነሳል፣ ዕቃ ያስቀምጣል።

ረፋዱ ላይ ሴትዮዋ ተነሣች። ልትሄድ ነው ብለው ሁለት ሰዎች እግራቸውን ሰበሰቡላት። እሷ ግን ወደ ፎቶው ሄደች። የአበባ ማስቀመጫውን በሁለት እጇ አንስታ አንድ ስንዝር ያህል አራቀችው። ጎንበስ ብላ ጥጉን አየች፣ ቆየችም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድንቡሼ አየቻት፤ ቁጥሩን እያነበበች ነው። ተመልሳ ተቀመጠችና የቀዘቀዘውን ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ አንስታ፣ ልክ እንደ መድኃኒት፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

የድንቡሼ እናት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ማንንም ሳታይ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ድንቡሼ ተከተለቻት። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የመሀረቧን ጠርዝ ትጠቀልላለች።

"እማዬ፣ ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?"

"ትልቅ ሰው ሆና አላየኋትም።"

"ልጅ ሆናስ?"

እናቷ ወደ ሳሎኑ በር አየች። "ቁጥሩን አየችው አይደል?" አለች።

"ምን አለበት ብታየው?"

"እንዳታናግሪያት። ብትጠይቅሽ ምንም አላውቅም በያት። እውነትሽንም ነው፤ ምንም አታውቂም።" ይህን ስትል ዓይኗ ደርቆ ነበር፤ ድንቡሼንም ያስፈራት ከቃሉ ይልቅ እሱ ነው። ባሏን ስታለቅስ የከረመች ሴት በአንዴ እንባዋ የት ገባ?

ሟች ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሕፃናት ጥበቃ ክፍል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበር። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት "በር አንኳኳለሁ" ይላል። ለማንኳኳቱም ወግ ነበረው። ሳይቸኩል ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ በመስኮት የሚያይ ሰው ቁመናውን በሙሉ እንዲያየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ከገባ ውኃ ይለምናል። ጠምቶት አይደለም። ውኃ ሊያመጡለት ወደ ማድ ቤት ሲሄዱ "ኧረ አትቸገሩ" እያለ ተከትሎ ይገባል፣ ድስቱን ያያል፣ ሳህኑን ይቆጥራል። ሲወጣ ደግሞ ከበር ጀርባ ያሉትን የልጆች ጫማዎች ያያል። ሦስት ልጅ ባለበት ቤት ሁለት ጥንድ ጫማ ካገኘ አንዱ ልጅ ከቤት አይወጣም ማለት ነው፤ የማይወጣውን ልጅ ሳያይ እሱም አይወጣም።

የገዛ ቤቱንም ያንኳኳ ነበር። ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እያለ ሦስት ጊዜ ይመታና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። "ማነው?" ትላለች ድንቡሼ ከውስጥ፣ እያወቀች። "የመንግሥት ሰው ነኝ። ለመሆኑ እዚህ ቤት ውኃ አለ?" ትስቃለች፣ ትከፍታለች፣ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። ይህ ግን ቤት የተገኘ ዕለት ነው። የወላጆች ቀን ሲከበር፣ እሷ በትምህርት ቤት ድራማ ቁራ ሆና መድረክ ላይ ስትወጣ፣ ታማ ስትተኛ፣ አባቷ የሰው ልጆች ጫማ ሲቆጥር ይውል ነበር። እንዲህም ሆኖ እንደ እሱ የምትወደው ሰው አልነበራትም።

ያ የሐይቁ ቀን ብቻ ልዩ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መምህሯ "አባትሽ መጥቷል" ስትላት ሰው የሞተ መስሏት አለቀሰች። እሱ በር ላይ ቆሞ "ዛሬ በር አላንኳኳም" አላት። እናቷን ጨምረው ሦስቱም ሐይቅ ወረዱ። በጀርባዋ አስተኝቷት እጁን ከሥሯ አደረገ፣ "ሰማዩን እይ፣ እኔን አትዪኝ" አላት፤ ሰማዩን ስታይ ቆይታ እጁ ከሥሯ እንደሌለ ያወቀችው የእናቷን ጭብጨባ ሰምታ ነው። እናቷ ፎቶውን ያነሳችው ያን ጊዜ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች ከቢሮ መጡ። አባቷ ግቢ ወጥቶ አነጋገራቸው፤ ሲመለስ ቧንቧው ላይ ቆሞ እጁን ሲታጠብ፣ ሲታጠብ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ብሎ ነገር የለም። ጡረታ እስኪወጣ አንድ ቀን ፈቃድ አልወሰደም፤ ቤቱንም አንኳኩቶ አያውቅም፣ በቁልፉ ከፍቶ ይገባል። ድንቡሼ ጥፋቱን ከራሷ ላይ ፈለገች። ውኃ ውስጥ ስለጮህኩ ነው አለች፣ ፈሪ ስለሆንኩበት ነው አለች። ይህን ለማንም ሳትናገር ነው ያደገችው።

በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ አልመጣችም። የሚገርመው ግን ቤቱ ሙሉ ሆኖ፣ ሰው ቆሞ፣ በበሩ አጠገብ ባለው ወንበር የተቀመጠ አልነበረም።

"እኔ የፈራሁት ሰባተኛውን ቀን ነው" አለች አክስቷ። በሰባተኛው ቀን የቢሮው ሰዎች ከነኃላፊያቸው መጥተው የሕይወት ታሪኩን ሊያነቡ፣ የሥልጠና አዳራሹም በስሙ እንደተሰየመ ሊያበሥሩ ቀጠሮ አላቸው። "ይቺ ሴት ያን ዕለት ተነሥታ አባቴ ነው ብትልስ? በሰው ፊት?"

ድንቡሼ የፈራችው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቀውም። የምታውቀው እናቷ የአበባ ማስቀመጫውን ወደ ቦታው መመለሷን ነው።

ከሰዓት በኋላ አሮጌው ሾፌር መጣ። አባቷን ሃያ ዓመት በየሰፈሩ ያዞረ፣ እሱ ሲያንኳኳ መኪና ውስጥ ሆኖ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነው። አልቅሶ፣ ተቀምጦ፣ ቡናውን እየጠጣ ሳለ ድንቡሼ ስለ ሴትዮዋ ነገረችው።

"ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ?" አላት።

"አለ።"

ሲኒውን አስቀመጠ። "ልጄ፣ ሰባቱ ቀን ይለፍ።"

"አሁን ይንገሩኝ ጋሼ።"

ግቢ ወጥተው ግንቡን ተደግፈው ቆሙ። ሾፌሩ ሲናገር አያያትም ነበር።

"ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ሴቲቱ ባንቺ ዕድሜ፣ ወንዱ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። እናታቸው ሞታለች፤ የእንጀራ አባታቸው እጁ ክፉ ነበር። በየማክሰኞው አምስት ሰዓት ላይ እንሄዳለን። ለማንም እንዳትከፍት አስፈራርቷት ስለነበር አባትሽ 'ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ እኔ ነኝ፣ ለእኔ ብቻ ክፈቺ' ብሏታል። አንድም ቀን ቀርተን አናውቅም። ያን ማክሰኞ ግን ጠዋት ቢሮ ሲገባ ኮቱንም አላወለቀ። 'ልጄ አባት እንዳላት እየረሳች ነው፣ ዛሬ ሐይቅ ልወስዳት ነው። አንድ ማክሰኞ ቢያልፈኝ ምን ይመጣል?' አለኝ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ያንተም ልጅ ልጅ ናት አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ትንሹ ልጅ ዋዜማውን ተመትቶ ኖሮ ከሌሊት ጀምሮ እያቃሰተ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሞተ። ረፋድ ላይ ሆስፒታል ቢደርስ ይተርፍ ነበር አለ ሐኪሙ።" ሾፌሩ የግንቡን አቧራ በጣቱ ጠረገ። "አባትሽ ሪፖርቱ ላይ 'ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ፣ የከፈተ የለም' ብሎ ጻፈ። መኪናዋ ወጥታ ነበር ብዬ መዝገቡ ላይ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰውየው ተፈረደበት፣ ፋይሉ ተዘጋ። ልጅቷ ሌሎች ሰዎች ጋ አደገች። አባትሽ ጡረታ እስኪወጣ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ሄዶ ያያት ነበር። ብቻውን። እኔ መሄድ አልቻልኩም።"

ድንቡሼ ግንቡን ይዛ ቆመች። ለካ ፈሪ ስለሆነች አልነበረም። ሃያ ሰባት ዓመት የተሸከመችው ነገር ወረደላት፤ ቢወርድላትም ደስ አላላትም።

በሰባተኛው ቀን ሴትዮዋ ከሁሉ ቀድማ መጣች። እናቷ እንዳየቻት ድንቡሼን እጇን ጭምቅ አደረገቻት። ድንቡሼ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወደ በሩ ሄደች።

"ማድ ቤት ብንገባ ይሻላል" አለቻት።

የታጠቡ ሲኒዎች በተደረደሩበት ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆሙ። ሴትዮዋ ሻርፗን አላላች።

"ልረብሻችሁ አልመጣሁም" አለች። "የጋሼን ልቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። ለእኔ እንደ አባት ናቸው። የእሳት አደጋ ስልክ ተቀባይ ነኝ፣ ሥራውንም ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። አንዴ ጠርቶ ሁለተኛውን ሳይደግም አነሳለሁ። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ጥሪ አምልጦኝ አያውቅም። እዚያ እንደኔ የሚሠራ የለም ይሉኛል።" ይህን በኩራት አልነበረም የተናገረችው። "ትንሽ ወንድም ነበረኝ። ያን ቀን ጋሼን ስጠብቅ በሩ ሥር ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። እሱ ሲያቃስት ስላደረ አልተኛሁም ነበር። ስነቃ ፀሐይዋ ዞራለች፣ ጋሼም አንኳኩተው ሄደዋል።"

"ማን ነው እንዳንኳኳ የነገረሽ?"

"እሳቸው ናቸዋ። ሳለቅስ ጊዜ 'ሕፃን ነሽ፣ እንቅልፍ ነው፣ እኔ አልቀየምሽም' አሉኝ። ይቅር ብለውኛል። ባነሳሁት ቁጥር ይቅር ይሉኝ ነበር።"

ድንቡሼ አባቷ ውሸቱን በሪፖርት ብቻ የጻፈ መስሏት ነበር። በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ጭኖት፣ በየማክሰኞው እየሄደ ይቅር ሲላት የኖረ መሆኑን አላሰበችውም። አባቷን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላችው፤ ወዲያውም ናፈቃት።

"ፎቶው ላይ ያለው ቀን" አለች ሴትዮዋ፣ ድምፅዋ አሁን ቀጠነ። "እቤት ሄጄ ደጋግሜ አሰብኩት። በአራተኛው ቀን ቀርቼ የነበረው ካሜራ የሚጠግን ሰው ልጠይቅ ሄጄ ነው። ባትሪው ከወጣ ቀኑን ይሳሳታል አለኝ። የእናንተስ ካሜራ ይሳሳት ነበር?"

የድንቡሼ እናት ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፣ መቼ እንደመጣች አልታወቀም። ከውጭ መኪና ሲቆም፣ በር ሲዘጋ፣ የቢሮው ሰዎች ጫማቸውን ሲጠርጉ ይሰማል። አንዲት "አዎ" ትበቃለች። አዎ፣ ይሳሳት ነበር ብትል አባቷ ስሙ አዳራሽ ላይ ይወጣል፣ ሴትዮዋም እንደ አባቷ ቆጥራ ታለቅሰዋለች፣ ያ ቀንም የድንቡሼ ሆኖ ይቀራል። ሴትዮዋ ራሷ ናት በሩን የከፈተችላት። ዓይኗ ሳይቀር አዎ በይኝ ይላል።

"አይሳሳትም ነበር" አለች ድንቡሼ። "ቀኑ ልክ ነው። ያን ማክሰኞ አባዬ ከኔ ጋር ሐይቅ ነበር። ሾፌሩም ያውቃል። እናንተ ቤት አልመጣም።"

"አልፎ ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት።"

"በሰፈሩም አላለፈም። አላንኳኳም።"

"ጭራሽ?"

"ጭራሽ። ነቅተሽ ብትጠብቂም የምትሰሚው ነገር አልነበረም።"

ሴትዮዋ ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣች። አንዱን ሲኒ አንስታ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። "በቀን ተኝቼ አላውቅም" አለች። "ወልጄ እንኳ፣ አራስ ሆኜ፣ በቀን አልተኛሁም።"

"ልጄ" አለች እናቷ ከበሩ።

"እርስዎ ያውቁ ነበር?" አለች ሴትዮዋ ወደ እሷ ዞራ።

"አውቅ ነበር።"

ሴትዮዋ የድንቡሼን እናት ትኩር ብላ አየቻት። ይቅር አላለቻትም፤ እናቷም ዓይኗን ሰብራ ግድግዳውን ተደገፈች።

"ወንድምሽን የት አለቀስሽው?" አለች ድንቡሼ።

"አላለቀስኩትም። በር ያልከፈትኩለት እኔ፣ ምን ብዬ ላልቅስ? ሰውም አልመጣ፣ እግዜር ያጽናሽ ያለኝም የለ። ልጅ ነበርኩ። በማግስቱ ከነቦርሳዬ ሌላ ቤት ወሰዱኝ።"

ድንቡሼ ክንዷን ያዘቻት። ወደ ሳሎን ሲወጡ ሴትዮዋ ወደ በሩ ወንበር ልትሄድ ስትል አላስኬደቻትም፤ ከፊት ቤተ ዘመድ ከተቀመጠበት ወስዳ በራሷና በእናቷ ወንበር መሀል አስቀመጠቻት። አክስቷ ከማዶ ዓይኗን አፍጥጣ አጠገቧ ያለችውን ሴት በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። "አፍንጫውን አላልኩም?"

የቢሮው ኃላፊ የታጠፈ ወረቀት በግራ እጁ ይዞ ገባ። ከኋላው ሌሎቹ ተሰልፈዋል፣ አሮጌው ሾፌር መጨረሻ ላይ ነው። ኃላፊው ድንቡሼ ፊት ደርሶ አንገቱን ደፋ አድርጎ እጁን ዘረጋ።

ድንቡሼ እጁን ተቀበለችው፤ አልጨበጠችውም፣ ወደ ጎን አሳለፈችው። "መጀመሪያ ለእሷ" አለችው። "ወንድሟ ሞቶባት ነው።"

ሰውየው ግር አለው፤ ሆኖም እንዲህ ባለ ቦታ ብዙ አይጠየቅም። ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ አለ። "እኔን! መቼ ነው?"

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው።

"ማክሰኞ" አለች።

"እግዜር ያጽናሽ እህቴ።"

ተነሥታ እጁን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወረቀት የያዘው ሰው መሄዱን ትቶ አብሯት ቆመ። ድንቡሼ ቀጥሎ የተዘረጋላትን እጅ ተቀብላ፣ እሱንም ወደ እሷ አሳለፈችው።